ቀዩ ዘይትና የመለኪያው ዘንግ፦ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥገና ታሪክ በናፍጣ የመስክ መኪኖች



ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ «ታሪክን ከካምቢዮ ዘይት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ቀርቦልኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዛሬው ንግግሬም በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው።

የቴክኖሎጂን ታሪክ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንተርከው ስለ ፈጠራ ነው። ማን ፈለሰፈ፣ መቼ ፈለሰፈ፣ የባለቤትነት መብቱን ማን አስመዘገበ እንላለን። ዕቃው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ያሉት ሠላሳና አርባ ዓመታት ግን ከትረካው ይወድቃሉ። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ዴቪድ ኤጀርተን ይህን ጉድለት አጥብቀው ከተቹት አንዱ ናቸው። የቴክኖሎጂ ታሪክ የፈጠራ ብቻ ሳይሆን የአጠቃቀምና የጥገናም ታሪክ መሆን አለበት ሲሉ ተከራክረዋል። ይህ ክርክር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ቅርብ ነው። መኪናን አልፈለሰፍንም፤ ነገር ግን መኪናን ለረጅም ዘመን በሕይወት ማቆየትን የመሰለ ሙያ በየጋራዣችን አለ። ያ ሙያ የታሪክ ሰነድ ሆኖ ሊጠና ይገባዋል።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ትንሽ ነገር ይዤ ቀርቤያለሁ፤ በናፍጣ የመስክ መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ያለውን ቀይ ዘይትና ይህ ዘይት የሚለካበትን ዘንግ። የማነሣው ጥያቄም አንድ ነው። በመኪናው ውስጥ ያለውን ነገር የማየትና የመመርመር ሥልጣን በታሪክ ውስጥ በማን እጅ ነበር? ዛሬስ በማን እጅ ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘይቱ ምን ይሠራል?

በተለመደው የእጅ ማርሽ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ጥርሶችን ያለሰልሳል፤ ዋና ሥራውም ይኸው ነው። ኃይልን ከሞተር ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን ሲሆን፣ ማርሽ የሚለውጠው ደግሞ የአሽከርካሪው እጅ ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ዘይቱ ራሱ የማሽኑ አካል ነው። በቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ እየተሽከረከረ የሞተሩን ኃይል ያስተላልፋል። በቫልቮች ቤት ውስጥ ባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች እየሄደ የትኛው ማርሽ መቼ እንደሚገባ ያስፈጽማል። የፍሪሲዮን ዲስኮችን አጣብቆ ይይዛል፤ ሲለቃቸውም ያለሰልሳል። በመጨረሻም ከዚህ ሁሉ ሥራ የሚወጣውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል። አንድ ፈሳሽ አስተላላፊ፣ አዛዥ፣ አለስላሽና አቀዝቃዥ ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። ከእነዚህ በአንዱ ሲጎድል ሌሎቹም አብረው ይጎድላሉ።

ሐሳቡ የተወለደው በየብስ አይደለም። በወቅቱ የጀርመን ከተማ በነበረችው ሽቴቲን ይገኝ በነበረው የቩልካን የመርከብ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር በ1905 በፈሳሽ ኃይል ለሚያስተላልፍ መሣሪያ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የነበረበት ችግር ግልጽ ነበር። የእንፋሎት ተርባይን እጅግ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ የመርከብ መቅዘፊያ ግን በዝግታ ሲዞር ነው በብቃት የሚገፋው። በሁለቱ መካከል ፈሳሽ ገብቶ ፍጥነቱን ወደ ጉልበት ቢለውጠውስ? ዛሬ በዳገት ላይ አንድን የመስክ መኪና ቀስ አድርጎ የሚያንቀሳቅሰው ቶርክ ኮንቨርተር የዚያ የመርከብ መሣሪያ የልጅ ልጅ ነው።

ከጦር ሜዳ እስከ ነዳጅ ማደያ

በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ ነው። ሥራውን የመራው መሐንዲስ ኧርል ቶምሰን ሲሆን፣ ካምቢዮው በ1939 ይፋ ሆኖ ለ1940 የኦልድስሞቢል ሞዴል ቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት መጣ። ሃይድራማቲክ ኤም 5 በተባለው የአሜሪካ ቀላል ታንክ ላይ ሁለት የካዲላክ ሞተሮችን ተከትሎ ገባ። ይህ ለታሪካችን ትልቅ ትርጉም አለው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ለከተማ ምቾት ተሠርቶ ሳለ፣ ገና በልጅነቱ ጭቃና አቧራ፣ ጭነትና ሙቀት ፈትነውታል። ለመስክ ሥራ አይሆንም የሚለው ወቀሳ ከጊዜ በኋላ ሲነሣ መልሱ በጦር ሜዳ ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ አውቶማቲክ መኪኖች ሲበዙ አዲስ ችግር ተፈጠረ። ባለንብረቱ ምን ዓይነት ዘይት ይጨምር? በ1949 ጄኔራል ሞተርስ ታይፕ ኤ የተባለውን መስፈርት አወጣ። መስፈርቱን ያሟላ ዘይት በቆርቆሮው ላይ የማረጋገጫ ቁጥር ይታተምለት ነበር። መስፈርቱ በ1957 ተሻሽሎ ታይፕ ኤ ሰፊክስ ኤ ተባለ። የኢንዱስትሪ ዝርዝር ቢመስልም በእኔ ንባብ ይህ አንድ የዕውቀት ውል ነው። አምራቹ «የምፈልገው ይህን ነው» ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ማንኛውም የዘይት ኩባንያ ያንን ማምረት፣ ማንኛውም ማደያ መሸጥ፣ ማንኛውም አሽከርካሪም የመለኪያውን ዘንግ ስቦ የጎደለውን መሙላት ቻለ።

የዘይቱ ቀይ ቀለምም የዚሁ ውል አካል ነው። ቀለሙ በራሱ ለማሽኑ ምንም አይጨምርለትም፤ የተጨመረው ለሰው ዓይን ነው። ከመኪናው ሥር ቀይ ጠብታ ያየ ሰው የሚያፈስሰው ካምቢዮው እንጂ ሞተሩ እንዳልሆነ ወዲያው ያውቃል። በናፍጣ መኪና ይህ ልዩነት ይበልጥ ይጎላል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ ጥቂት ቀናት ሳይቆይ በጥላሸት ይጠቁራልና። ቀዩ ለካምቢዮ፣ ጥቁሩ ለሞተር ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የሚረዳው ፊደል ነበር።

ዓሣ ነባሪው በካምቢዮ ውስጥ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስደንቃቸው ምዕራፍ ይህ ነው። በካምቢዮ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን በድንገት ቢነክስ መኪናው ይዘላል፤ ከመጠን በላይ ቢንሸራተቱ ደግሞ ይቃጠላሉ። ይህን ሰበቃ የሚገራ ቅመም ያስፈልጋል። ለበርካታ ዓመታት ለዚህ ሥራ ከዋሉት ቅመሞች አንዱ ከስፐርም ዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ነበር። በ1967 ዴክስሮን የተባለው አዲስ የጄኔራል ሞተርስ መስፈርት ሲመጣም ይህ ዘይት ገና በሥራ ላይ ነበር።

በ1970 ስፐርም ዓሣ ነባሪ በአሜሪካ የመጥፋት አደጋ ባንዣበበባቸው እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ የዘይቱ አቅርቦትም ተዘጋ። የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ምትክ ፍለጋ ተሯሯጡ፤ ከሆሆባ ተክል የሚገኝ ዘይት ሳይቀር ተሞከረ። በ1970ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ዴክስሮን ሁለት ወጣ። የመጀመሪያው ቅንብሩ ግን የዘይት ማቀዝቀዣዎችን ብየዳ ሲበላ ተገኘ፤ በመሆኑም እንደገና መስተካከል ነበረበት።

በዚሁ ዘመን ፎርድ ታይፕ ኤፍ በተባለ የራሱ መስፈርት ሌላ መንገድ ይከተል ነበር። የሰበቃ ገሪ ቅመም ስላልተጨመረበት ዲስኮቹን ጠበቅ አድርጎ ያስይዛል። ሁለቱም ዘይቶች ቀይ ናቸው፤ ጠርሙስ ውስጥ ሲታዩ አይለያዩም። በተሳሳተው ካምቢዮ ውስጥ ሲገቡ ግን አንዱ ማርሹን ያስደነግጠዋል፣ ሌላው ያንሸራትተዋል። ከዚህ የምንማረው ለታሪክ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ የሰነዱ መልክ ስለ ይዘቱ ዋስትና አይሰጥም። ቀለም የት እንደሚፈስስ ይነግረናል እንጂ ምን እንደ ሆነ አይነግረንም። ስለ ማንነቱ ምስክሩ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍና በዕቃው ላይ የታተመው መስፈርት ነው።

ናፍጣና አውቶማቲክ ሲጋቡ

የናፍጣ የመስክ መኪና ለረጅም ጊዜ የእጅ ማርሽ ይዞ ቆየ። ቶዮታ በ1951 የጀመረው፣ ከ1954 ወዲህ ላንድ ክሩዘር የተባለው መኪና በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት በእጅ ማርሽ ነበር የታወቀው። የእንግሊዙ ሬንጅ ሮቨርም በ1970 ሲወጣ በእጅ ማርሽ ብቻ ነበር፤ ፋብሪካው አውቶማቲክ ያቀረበው በ1982 ነው።

ለመዘግየቱ የቴክኒክ ምክንያትም ነበረ። የቀድሞ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚለውጥበትን ጊዜ ለመወሰን ሞተሩ ምን ያህል ጫና እንደ ተሸከመ ማወቅ አለበት። ብዙዎቹ ይህን መረጃ የሚያገኙት በቤንዚን ሞተር የአየር ማስገቢያ ውስጥ ከሚፈጠረው የአየር ሳብ ነበር። የናፍጣ ሞተር ግን ጉልበቱ የሚመጠነው በሚረጨው ነዳጅ መጠን እንጂ አየሩን በማነቅ ስላልሆነ፣ ያ ሳብ የለውም። ስለዚህ ወይ የተለየ የአየር መሳቢያ ፓምፕ መግጠም፣ ወይም ከነዳጅ መርጫ ፓምፑ እስከ ካምቢዮው የሽቦ ገመድ መዘርጋት አስፈለገ። ይህ ገመድ ዛሬም በብዙ የቆዩ ላንድ ክሩዘሮች ላይ ይታያል። ገመዱ ሲላላ የካምቢዮው ግፊት ስለሚቀንስ ዲስኮቹ ይንሸራተታሉ፤ ዘይቱም ይቃጠላል። እንግዲህ «ዘይቱ ተበላሽቷል» ከተባለ መንሥኤው ከዘይቱ ውጭ ሊሆን እንደሚችል ልብ በሉ።

ጋብቻው በ1980ዎቹ ጸና። የአሜሪካ ጦር ከ1985 ጀምሮ በብዛት የተረከበው ሐምቪ ባለ 6.2 ሊትር የናፍጣ ሞተርና ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነበረው። በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ የላንድ ክሩዘር 60 ተከታታይ ተርቦ ናፍጣ ከባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ጋር ቀረበ። በ1990 የመጣው 80 ተከታታይ ደግሞ ይህን ጥምረት በዓለም ዙሪያ አስለመደ።

ከዘይቱ አንጻር ግን ይህ ጋብቻ አስቸጋሪ ነው። የናፍጣ ሞተር ብርቱ ጉልበት የሚያወጣው በዝቅተኛ ዙር ነው። የመስክ መኪና ደግሞ ከባድ ነው፤ በአሸዋ፣ በጭቃና በዳገት ላይ በዝግታ ይጓዛል። በዚህ ጊዜ ቶርክ ኮንቨርተሩ አብዝቶ ይንሸራተታል፤ መንሸራተት ደግሞ ሙቀት ነው። በሙያው ዘንድ የቆየ አንድ ግምታዊ ሕግ አለ፤ ዘይቱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ በኋላ ሙቀቱ በ11 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የአገልግሎት ዘመኑ በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ የጫነ መኪና፣ ወይም በአፋር ሙቀት በአሸዋ ላይ የሚንፏቀቅ የመስክ መኪና፣ ይህን ሕግ በየቀኑ ይፈትናል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንዲሉ፣ ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም። ለዚህ ነው አቀበት ወይም አሸዋ ሲበረታ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ማስተላለፊያ መቀየር የካምቢዮን ዘይት መጠበቅ የሚሆነው፤ ያን ጊዜ ኮንቨርተሩ ብዙ ሳይንሸራተት ጎማው ጉልበት ያገኛል።

ዘንጉን እንደ ሰነድ ማንበብ

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። የመለኪያ ዘንግ ባለው መኪና ላይ ዘይቱ የሚታየው እንዲህ ነው። መኪናው ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ያህል ተነድቶ ዘይቱ ወደ ሥራ ሙቀቱ ይደርሳል፤ በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ይህ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ነው። ከዚያ መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል። ሞተሩ ሳይጠፋ፣ የእግር ፍሬን እንደ ተረገጠ፣ የማርሽ ዘንጉ በየቦታው ለአፍታ እየቆመ ከፒ እስከ መጨረሻው ሄዶ ይመለሳል፤ ዘይቱ መተላለፊያዎቹን ሁሉ እንዲሞላ ነው። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሳለ የመለኪያው ዘንግ ይወጣል፣ ክር በማይተው ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ እስከ መጨረሻው ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ወጥቶ ይነበባል። ደረጃው ለሙቅ ዘይት በተሰመሩት ሁለት ምልክቶች መካከል መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ከሞተር ዘይት ጋር ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በአብዛኛው የሚለካው ሞተሩ እየሠራ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ከላይ ያለው ዘይት ወደ ታችኛው ቋት ስለሚወርድ ዘንጉ ከእውነቱ በላይ ያሳያል። በዚህ የተታለለ ሰው የጎደለውን ሞልቷል ብሎ ይሄዳል። መጉደል እንደሚጎዳ ሁሉ መብዛትም ይጎዳል። ደረጃው ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፤ ሲበዛ ደግሞ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን ይንጡታል፤ አረፋ ይሆናል። አረፋም እንደ አየር ሁሉ ግፊት አይሸከምም።

ቀጥሎ የምስክሩ ቃል ይመረመራል። ጤናማ ዘይት ቀይና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ሲያረጅ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው የፍሪሲዮን ዲስኮች መቃጠላቸውን ይመሰክራል። ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ መልክ ከያዘ ውኃ ገብቶበታል። የውኃው መንገድ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተሰንጥቆ የራዲያተር ውኃ ማስገባቱ ነው። ሁለተኛው ወንዝ ሲሻገሩ የጋለው ካምቢዮ በድንገት ሲቀዘቅዝ በመተንፈሻው በኩል ውኃ መሳቡ ነው፤ ለዚህም የመተንፈሻው ቱቦ ከፍ ብሎ መታሰሩን ማረጋገጥ ለመስክ መኪና ግድ ነው። ውኃ የገባበትን ካምቢዮ ይዞ መጓዝ አይገባም፤ የዲስኮቹ ሽፋን ከሥሩ ይላቀቃል።

ዘይት መለወጥን በተመለከተም አንድ ስሌት ላሳያችሁ። የታችኛው መፍሰሻ ሲከፈት የሚወጣው ከጠቅላላው ዘይት ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በቶርክ ኮንቨርተሩና በቱቦዎቹ ውስጥ ይቆያል። ለምሳሌ በእያንዳንዱ ጊዜ 40 በመቶው ቢወጣ፣ ከመጀመሪያው ለውጥ በኋላ 60 በመቶ፣ ከሁለተኛው በኋላ 36 በመቶ፣ ከሦስተኛው በኋላ 22 በመቶ ገደማ አሮጌ ዘይት ይቀራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አፍስሶ መሙላት መታደስ ነው እንጂ መተካት አይደለም፤ መካከል እየተነዳ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ግን ወደ መተካት ይቀርባል። የሚጨመረው መጠን ከወጣው ጋር ይመዛዘን፤ በመጨረሻም በዘንጉ ይረጋገጥ። ቋቱ ሲወርድ ማጣሪያው ይታያል፤ በማግኔቶቹ ላይ የተሰበሰበውም እንዲሁ። እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ደቃቅ የተለመደ የመበላት ምልክት ሲሆን፣ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ግን የመጪ ውድቀት ማስጠንቀቂያ ነው። የወጣው ዘይት በዕቃ ይሰበሰብ እንጂ መሬት ላይ አይፍሰስ።

በጋራዦች «አሮጌ ዘይት አይነካም፤ ከተለወጠ ካምቢዮው ይሞታል» የሚል አባባል አለ። ይህ ክስተቶችን በቅደም ተከተል ማየትን ከምክንያት ጋር የማምታታት ስሕተት ነው፤ በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት የምናስጠነቅቃችሁ ማለት ነው። ባለንብረቱ ብዙውን ጊዜ ዘይት የሚያስለውጠው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ዲስኮቹ ቀድመው አልቀዋል፤ አዲሱ ዘይት ለአሮጌው በሽታ ተጠያቂ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ለብዙ ዘመን የተከማቸ ዝቃጭን በኃይለኛ ግፊት ማጠብ ጠባብ መተላለፊያዎችን ሊደፍን ይችላል። ከዚህ የሚከተለው ግን በጊዜ፣ በጥቂት በጥቂቱ እናድስ የሚል ነው እንጂ ፈጽሞ አንንካ የሚል አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ቃል ለካምቢዮ የተነገረ ይመስላል።

ዘንጉ ሲጠፋ

በ1990ዎቹ አጋማሽ መርሴዲስ ቤንዝ 722.6 የተባለውን ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ አወጣ። የመለኪያው ቱቦ አለ፤ ዘንግ ግን የለበትም፤ አፉ በማኅተም ተዘግቷል። ዘንጉ ያለው በባለሙያው ጋራዥ ነው። ዘይቱም ለካምቢዮው ዕድሜ ልክ የሚበቃ ተባለ። ሌሎች አምራቾችም በየፊናቸው ወደዚሁ አቅጣጫ ሄዱ። በቶዮታ ዘንድ ደብልዩ ኤስ የተባለው አዲስ ዘይት ሲመጣ፣ በ2007 የወጣው ላንድ ክሩዘር 200 ተከታታይ ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮውን ያለ ዘንግ ይዞ ቀረበ። በእንደዚህ ያለው ካምቢዮ ደረጃው የሚታወቀው ከሥር ነው። መኪናው በአራቱም ጎማ ሚዛን ተነሥቶ፣ የዘይቱ ሙቀት በመሣሪያ ተለክቶ መመሪያው ከሚያዝዘው ጠባብ ክልል ሲደርስ፣ ሞተሩ እየሠራ የማረጋገጫው ቡሎን ይፈታል። ክልሉ እንደየካምቢዮው ቢለያይም በአብዛኛው በ40 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዘይቱ ቀጭን ሆኖ ከወረደና ከተንጠባጠበ ደረጃው ልክ ነው፤ ምንም ካልወጣ ጎድሎታል።

ለአምራቾቹ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። ዘንጉን ያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲሶቹ ሰው ሠራሽ ዘይቶች ከቀድሞዎቹ ይልቅ ሙቀትን ይቋቋማሉ። የዘይት ዓይነቶች በመብዛታቸው የተሳሳተ ዘይት የመጨመር አደጋ ጨምሯል። በቆሸሸ ጨርቅ የተጠረገ ዘንግም አቧራን ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው።

ነገር ግን «ዕድሜ ልክ» ሲባል የማን ዕድሜ ነው ብሎ መጠየቅ የታሪክ ሰው ግዴታ ነው። ለበርካታ የአውሮፓ መኪኖች ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ፣ ዘይቱ እንደ አነዳዱ ሁኔታ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በስምንት ዓመት እንዲለወጥ ራሱ ይመክራል። ካምቢዮውን የሠራው ይህን ሲል፣ መኪናውን የሸጠው «አይነካም» ሊል ይችላል። የሁለቱ ልዩነት የኬሚስትሪ ልዩነት አይደለም፤ የጊዜ አድማስ ልዩነት ነው። ለመጀመሪያው ገዢ ዕድሜ ማለት የዋስትናው ዘመን ሊሆን ይችላል። ለሦስተኛውና ለአራተኛው ባለቤት ግን ዕድሜ የሚጀምረው ዋስትናው ካለቀ በኋላ ነው። በዓለም ላይ ካሉ የመስክ መኪኖች ብዙዎቹ የሚያገለግሉትም በእነዚህ ኋለኞች እጅ ነው።

በ1949 የተገባው ውል በዚህ መንገድ ተሸረሸረ። በመጀመሪያ የዘይቱ ስም የአደባባይ ነበር፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ስም አወጣ። በመጀመሪያ ዘንጉ በአሽከርካሪው እጅ ነበር፤ ቀጥሎ ወደ ጋራዥ ገባ። ማየት የባለንብረቱ መብት ከመሆን ወጥቶ የሚገዛ አገልግሎት ሆነ።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

የጋራዥ ቋንቋችን ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው። ካምቢዮና ፍሪሲዮን ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው፤ የእጅ ማርሽን ዘመን ይመሰክራሉ። አውቶማቲክ፣ ኮንቨርተር፣ ሴንሰር የሚሉት ከእንግሊዝኛ የመጡ ኋለኛ ንብርብሮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ቃላት የጋራዥ ሰው ሁሉ የራሱ አድርጓቸዋል። የኋለኞቹን ግን ገና አልተዋሐድናቸውም፤ የሚያመለክቱት ዕውቀትም እንዲሁ።

ጉዳዩ ዛሬ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለ። በ2024 መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ትርጉም ተለውጧል። የፖሊሲውን ጥቅምና ጉዳት መመዘን የዛሬ ርእሴ አይደለም። ውጤቱን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ተተኪ በሚያጥርበት ቦታ ጥገና የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ክትባት ወደ ገጠር የሚያደርሰው፣ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል የሚያመላልሰው፣ የጥናት ቡድኖቻችንን ወደ መስክ የሚወስደው የናፍጣ መኪና ለተጨማሪ ዓመታት መሄድ አለበት። ዘይቱ ሳይታይ የተቃጠለ ካምቢዮ በአገር ውስጥ በቀላሉ የማይገኝ ዕቃ ነው፤ የቆመችው መኪና ግን የአንድ ወረዳ ብቸኛዋ ልትሆን ትችላለች።

ለዚህም ሁለት ነገሮችን ለተማሪዎቼ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የአንጋፋ መካኒኮቻችንን የቃል ታሪክ ሰብስቡ። በሽታ፣ በድምፅና በጣት ጫፍ የሚያውቁትን ነገር የጻፈው የለም፤ እነርሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ሁለተኛ፣ የመሥሪያ ቤት መኪኖች የጥገና መዝገቦች ከመጣላቸው በፊት እንደ ማንኛውም ሰነድ እንዲጠበቁ ጠይቁ። በእነዚያ መዝገቦች ውስጥ የመንገዶቻችን፣ የበጀታችንና የሥራ ባህላችን ታሪክ ተጽፎ አለ። ከምሕንድስና ፋኩልቲ ባልደረቦቼ ጋር ደግሞ በአማርኛ የተዘጋጀ፣ ለአሽከርካሪ የሚገባ የአውቶማቲክ ካምቢዮ መመሪያ በጋራ ብናዘጋጅ ደስ ይለኛል።

የመለኪያው ዘንግ ዋጋው ጥቂት የሆነ የብረት ቁራጭ ነው። ያም ሆኖ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተራው ሰው በተዘጋ ማሽን ውስጥ የሚሆነውን በገዛ ዓይኑ እንዲያይ አስችሎታል። ዘንጉ የቀረባቸው መኪኖች ያለ ዘንግ ይቀጥላሉ፤ ይህን መመለስ አንችልም። ምን ዓይነት ዘይት እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚለወጥ፣ ደረጃው በስንት ዲግሪ እንደሚታይ የሚናገረው ዕውቀት ግን በአምራቹ ካዝና ብቻ ተዘግቶ እንዳይቀር ማድረግ እንችላለን። የዩኒቨርሲቲ ሥራም ይኸው ይመስለኛል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።